ሽማግሌው ሐኪም

ለልጆች በሬዲዮ ተረት መንገር ከልብ ለሚሠራው ሰው ከባድ ሥራ ነው። ለዚህም የፖላንዱ ሐኪምና ደራሲ ያኑሽ ኮርቻክ ምስክር ናቸው።

ኮርቻክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዋርሶ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን፥ ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ነው። ሕክምና ተምረው የሕፃናት ሐኪም ሆኑ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ደግሞ በክሮክማልና መንገድ የተከፈተውን የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ቤት ያስተዳድሩ ጀመር። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቤት ልጆች ዳኛ ሆነው የሚያስችሉበት ሸንጎ ነበረ፤ አሳዳጊም ቢያጠፋ ይከሰስ ነበር። በ1926 ልጆች ራሳቸው የሚጽፉበት ጋዜጣ አቋቋሙ።

በ1930ዎቹ በፖላንድ ሬዲዮ ለልጆች መናገር ጀመሩ። ሆኖም አይሁድን የሚጠላ ብዙ ስለ ነበረ ስማቸው ሳይጠራ «ሽማግሌው ሐኪም» ተባሉ። አነጋገራቸው እንደ ስብከት አልነበረም፤ ከአንድ ልጅ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው እንደሚጨዋወቱ ሆነው በዝግታ ያወጉ ነበር። ስለዚህም የክርስቲያኑም የአይሁዱም ልጅ፥ ወላጆችም ሳይቀሩ፥ ሰዓቱን ጠብቀው ያዳምጧቸው ጀመር። ነገር ግን አይሁድን የሚጠሉ ሰዎች ተቃውሞ ስለ በረታ በ1936 ዝግጅቱ ተቋረጠ። ድምፁን የወደደው ሁሉ የድምፁን ባለቤት አልወደደም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በ1938 ወደ ሬዲዮው ተመለሱ፤ በመስከረም 1939 ጀርመኖች ዋርሶን ሲደበድቡም በሬዲዮ ሕዝቡን አጽናኑ።

ከዚያ በኋላ ናዚዎች አይሁዶችን በግንብ አጥረው ባጎሩበት ሰፈር የልጆቹም ቤት አብሮ ገባ። ወዳጆቻቸው ሊደብቋቸው ቢለምኗቸውም ልጆቹን ትተው ለመውጣት እንቢ አሉ። በነሐሴ 1942 ከ200 ገደማ ልጆችና ከረዳታቸው ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው ተገደሉ።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፥ ከእኛ መካከል ወደ ፊት በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ለመንገር የሚያስብ ቢኖር፥ ድምፁን ከማሳመሩ አስቀድሞ ይህን ሰው ያስብ። ኮርቻክ በማይክሮፎን ፊት ያሳዩትን ፍቅር፥ የሚያያቸው በሌለበት ሰዓትም አላጐደሉትም።