ከሁሩሙ የተወሰደው ልጅ፦ የአናሲሞስ ነሲብ ታሪክ

ከጋምቤላ ወደ ደጋ የሚወጣውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ የባሮን ሙቀት ወደ ኋላ ትቶ ወደ ቡሬ ይወጣና፣ ጎሬንና መቱን ካለፈ በኋላ ሁሩሙ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። መንገደኛው በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ከተማይቱን ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው። እኔም ሦስት ጊዜ አልፌባት አንድም ቀን አላየኋትም ነበር።

እንድፈልጋት ያደረገኝ ነገር ደስ የሚል አይደለም። እኔ የባሮ ዳር ልጅ ነኝ፤ መልኬም እንደ አባቶቼ ጥቁር ነው። አምና ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የደጋ ከተማ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንድ ሰው ከመንገዱ ገለል እንድልለት ፈልጎ ባሪያ ብሎ ጠራኝ። ሰውየው የተቆጣም አይመስልም ነበር፤ እንዲያው እንደ ተራ ስም አድርጎ ነው የተናገረው። ገለል አልሁለት፤ መልስ አልሰጠሁም። ቃሉ ግን ጋምቤላ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1942 ነው (ከዚህ በታችም ዘመኑን የምቆጥረው በዚያው አቆጣጠር ነው)። ሕጉ ካለፈ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ቃሉ ለምን እንዳልሞተ መምህሬን ብጠይቃቸው፣ በእውነት ተሸጦ የነበረ፣ የቅርብ ጎረቤታችን የሆነ ሰው ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። እነሆ ያነበብሁትን ለእናንተም አቀርባለሁ።

ሕፃኑ ሂካ ይባል ነበረ። የተወለደው በ1856 ገደማ፣ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ነው። አባቱ የሞተበት ገና በአራት ዓመቱ ነው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ ስምንት ጌቶች እንደተፈራረቁበት እርሱ ራሱ በኋላ ጽፎታል። ካርታ አውጥቼ ከሁሩሙ እስከ ቀይ ባሕር ያለውን ርቀት በጣቴ ለካሁት፤ የአገራችንን ምዕራብና ሰሜን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሄደው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረ፤ በእኛ ትምህርት ቤት ቢሆን የታችኛው ክፍል ተማሪ ማለት ነው።

በ1870 ምጽዋ ላይ ይኖር የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና፣ በከተማይቱ አጠገብ እምኩሉ ከተባለው ስፍራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገው። ልጁ ለትምህርት የጓጓ ሆነ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠምቆ አናሲሞስ ተባለ።

ይህ ስም ራሱ ታሪክ አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚጠቀሰው አናሲሞስ ባሪያ ነበረ፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። በዚያ ዘመን በሮማውያን መንግሥት ነጻ መውጣት የተለመደ ነገር ነበር። ነጻ የወጣው ሰው የነጻነት ምልክት የሆነውን ቆብ ይደፋል፤ የቀድሞ ጌታውን ስም ወርሶ ይጠራበታል፤ ጌታውን የማክበርና የማገልገል ግዴታም ይቀርበታል ማለት አይደለም። ትልቅ የመንግሥት ሹመት አይደርሰውም፤ ነጻ ከወጣ በኋላ የወለደው ልጅ ግን እንደ ማንኛውም ነጻ ዜጋ ይቆጠራል። የታወቀው ተናጋሪ ሲሴሮ ጢሮ የሚባለውን ጸሐፊውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ነጻ ካወጣው በኋላ፣ ጢሮ የጌታውን ጽሕፈት ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ያለው ሰው ነጻ ቢሆንም ከጌታው ቤት ብዙ አይርቅም። የእኛው አናሲሞስ ልብ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚያየው፤ ወደ ተሰረቀበት አገር።

ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት በዮሐንስሉንድ ከተማሩ በኋላ በ1881 ተመለሱ፤ ምሕረት ኃይሉ የሚባሉ ሴትም አገቡ። (ከእንግዲህ ወዲህ አንቱ ብዬ ብጽፍ አንባቢ አይደነቅ፤ ልጁ አድጎአል።) ወዲያውም ከሚስዮናውያን ጋር በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። አባይን ይዘው እስከ ፋማካ አካባቢ መጡ፤ ከዚያ ማለፍ አልተቻለም። በ1882 በንዳድ ታመሙ፤ እርሳቸው ሲድኑ አሬኒዩስ የተባለው ስዊድናዊ ጓዳቸው ሞተ። የተረፉት ካርቱም ሲደርሱ የመሐዲ ዐመፅ ተነሥቶ ነበረ። ዛሬ የጋምቤላ ሰው ይህን ሲያነብ በባሮ በኩል ለምን አልመጡም ይል ይሆናል፤ እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ስምምነት የተደረገው ግን ገና በ1902 ነው።

በ1884 ሁለተኛ ሞከሩ። በዚህኛው ጊዜ እንጦጦ ድረስ ደረሱ፤ ምኒልክ ግን ወደ ፊት እንዲያልፉ ስላልፈቀዱ በ1886 እንደገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ከደጅ መመለስ ማለት ይህ ነው።

አገራቸው መግባት ቢከለከሉ፣ የአገራቸውን ቋንቋ በባሕር ዳር ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ነበረ። በልጅነቱ ከእናቱ የተለየ ሰው የሚያውቀው የልጅ ቋንቋ ነው፤ ባርነት ጉልበታቸውን ብቻ ሳይሆን አፋቸውን የፈቱበትንም ቃል ወስዶባቸው ነበር። ይህን የሞላችላቸው ሌላ ነጻ የወጣች ልጅ ናት። አስቴር ጋኖ ከሊሙ ተሸጣ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ፣ በ1886 የኢጣልያ የባሕር ኃይል መርከቧን ይዞ አስለቀቃትና እምኩሉ ገባች። አስቴር የሕዝቧን ተረትና ዘፈን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩንም ሁሉ በልቧ ይዛ የመጣች ሰው ነበረች። 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። እኔ እንደማስበው የአናሲሞስ ስም በተነሣበት ሁሉ የእርሷም አብሮ ሊነሣ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነሣም።

ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ በአንድነት ያዘጋጁት የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ የታተመው በ1899 በስዊስ አገር ነው፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበረ።

በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። አናሲሞስ ከተሰረቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ጥበቃ ሥር ነቀምቴ ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ካህናቱ ግን ከሰሷቸውና በ1906 በአዲስ አበባ ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑ እንዲሰደዱ ፈረዱ፤ አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው፣ ስብከቱ ቀርቶ ነቀምቴ እንዲመለሱ አደረጉ። ስለዚህ ልጆችን እያስተማሩ ቆዩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጧቸው። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1931) ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ሊወጣ ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ቀርቶ ነበር።

ዘንድሮ ለአራተኛ ጊዜ በዚያ መንገድ ስሄድ አልተኛሁም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የሁሩሙ አካባቢ ሰው ሆነው አገኘኋቸውና፣ ስለ ሂካ ያነበብሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። የስሙን ትርጉም አውቅ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም ነበር። እርሳቸውም በጭናቸው ላይ ያለውን የቡና ቋጠሮ ፈትተው አሳዩኝ፤ ቃሉ ቋጠሮ መፍታት ማለት ነው፤ ደግሞም እንደ እኛው አማርኛ ሕልምንም ንግግርንም መፍታት፣ መተርጎም ማለት ነው። ከዚያ መልሰው ቋጠሩትና ወራጅ መኖሩን ለሹፌሩ ተናገሩ።