ራማን፤ የብርሃን ተመራማሪ

ዛሬ ከአገር ቤት የሚደርሰን ድምፅና መልእክት አብዛኛውን መንገድ የሚያቋርጠው እንደ ጸጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ፣ በብርሃን ተጭኖ ነው። ብርሃኑ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ይቀራል። ይህን ደካማ ብርሃን እዚያው ክሩ ውስጥ ማበርታት ከሚቻልባቸው ዘዴዎች አንዱ የተመሠረተው በአንድ ህንዳዊ ግኝት ላይ ነውና፣ ሕይወቱን ባጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን በ1888 በደቡብ ህንድ ተወለደ። አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በማድራስ ተምሮ በ1904፣ ገና በልጅነቱ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። ወደ እንግሊዝ ሄዶ እንዲማር ቢታሰብም ጤናው አይፈቅድም ተብሎ ቀረ። በሳይንስ የሚያኖር ሥራ ስላልነበረ በ1907 በካልካታ የመንግሥት የሒሳብ ሹም ሆነ። ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ እየዋለ፣ ጧትና ማታ በአንድ የሳይንስ ማኅበር ቤተ ሙከራ ይመራመር ነበር። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረ። በ1917 ደመወዙ ያነሰ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሲቀርብለት ሹመቱን ትቶ ገባ። ለወንበሩ ውጭ አገር መሠልጠን ግዴታ ነበር፤ እሱ እምቢ በማለቱ ደንቡ ተነሣለት።

በ1921 ከእንግሊዝ በመርከብ ሲመለስ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት የሰማይ ነጸብራቅ ብቻ አለመሆኑን በትንሽ ፕሪዝም መረመረ፤ ብርሃኑን የሚበትነው ውሃው ራሱ ነው። ነገሩን ተከታትሎ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በሌንስና ባለቀለም መስታወት ከረዳቱ ከክሪሽናን ጋር ሲሠራ፣ በ1928 አዲስ ነገር አገኘ። ብርሃን በፈሳሽ ሲያልፍ እጅግ ጥቂቱ ከጉልበቱ ለሞለኪዩሉ ከፍሎ፣ ቀለሙን ለውጦ ይወጣል። በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በሳይንስ ከእስያ የመጀመሪያው ነው።

ሌዘር ከመጣ በኋላ ግኝቱ ሌላ ጥቅም አገኘ። 1450 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርቱ ብርሃን ወደ ክሩ ሲላክ፣ 1550 አካባቢ ለሚጓዘው መልእክት ጉልበቱን ያስተላልፋል፤ መልእክቱን ወደ ኤሌክትሪክ መመለስ አያስፈልግም። ጉዳትም አለው፤ ብዙ መልእክቶች ባንድ ክር ሲላኩ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይነጥቃል።

ራማን በ1970 ባንጋሎር ውስጥ አረፈ። ከመካከላችን አገር ገብቶ ከሙያው ውጭ የሚመደብ ቢኖር እነዚያን አሥር ዓመታት ያስታውስ። ማታ በሩን የከፈተለት ማኅበር እንደነበረም አንርሳ፤ እንዲህ ያለውን በር መክፈት የእኛም ድርሻ ነው።