መዝገቡ ያልያዘው ሠዓሊ

በ1957 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት አስተዳደር አንድ ረጅም የስም ዝርዝር በመንግሥት ጋዜጣ አወጣ። ከ15,000 በላይ አቦርጂኖች፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ተመዝግበውበታል። ስሙ የሰፈረ ሰው ዕድሜው የቱንም ያህል ቢገፋ፣ የልጅ ልጅ ቢያይ እንኳ፣ በሕግ ዓይን ሞግዚት የሚያስፈልገው ሆነ። የት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚያገባ፣ ደመወዙ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስንለት የመንግሥት ሹም ነው። መጠጥም ክልክል ነው። ሆን ተብሎ ከመዝገቡ ከቀሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሠዓሊው አልበርት ናማትጂራ ነበር። ጋዜጦች ዜግነት አገኘ ብለው አወደሱት። ሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ ሰውየው ተከሷል፣ ታስሯል፣ ተፈትቷል፣ ሞቷል።

ናማትጂራ የተወለደው በ1902 ኸርማንስበርግ በተባለች የሉተራን ሚሲዮን ነው። ቦታዋ በአህጉሩ እምብርት፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአረርንታ ሕዝብ ምድር ነው። ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን በ1877 መሥርተዋታል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኤሊያ ነበር፤ ክርስትና ሲነሱ እሱም አልበርት ተባለ። ልጆች በሚሲዮኑ ማደሪያ ያድራሉ፣ በደወል ይነሳሉ፣ በደወል ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። ዱቄት፣ ስኳርና ሻይ በራሽን ይታደላል። ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም፣ ክሊኒኩም፣ ዳኛውም ያው ሚሲዮኑ ነው። ቀበሌና ጤና ጣቢያ በአንድ ቄስ እጅ ተጠቃልለው ነበር ብንል ብዙም አልራቅንም። በ13 ዓመቱ ግን ሽማግሌዎቹ ወደ በረሃ ወስደው የአባቶቹን ሥርዓት አስተምረውታል። ሁለት ሕግ ተሸክሞ አደገ ማለት ነው።

በ18 ዓመቱ አካባቢ ከሌላ ጎሣ የሆነችውን ኢልካሊታን ይዞ ከሚሲዮኑ ወጣ። በባህሉ የጋብቻ ደንብ ሁለቱ መጋባት አልነበረባቸውም። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተመለሱ፤ እሷም ተጠምቃ ሩቢና ተባለች። እሱ ግመል ነዳ፣ ብረት ቀጠቀጠ፣ አናጢነት ሠራ፣ ከብት ጠበቀ።

ውኃ የዚያ ቦታ ትልቁ ጥያቄ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የወረደው ድርቅ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ በራሽን ዱቄት ብቻ የሚኖር ሰው ትኩስ አትክልት ስለማያገኝ ስከርቪ የሚባለው የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ ሕፃናቱን አጨደ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ካፖሪልያ የሚባል የማይነጥፍ ምንጭ አለ፤ የጎደለው ቧንቧ ነው። መንግሥት ዝም ሲል፣ ኡናና ቫዮሌት ቲግ የተባሉ የሜልቦርን እኅትማማቾች (ቫዮሌት ሠዓሊ ናት) የሥዕል ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተው ገንዘብ ሰበሰቡ። በ1935 ውኃው ሚሲዮኑ ደረሰ፤ የጓሮ አትክልትም በቀለ። ሥዕል ተሽጦ ቧንቧ መዘርጋቱን ናማትጂራ በዓይኑ አየ።

በ1934 ሬክስ ባተርቢ የተባለ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የቆሰለ ነጭ ሠዓሊ ከጓደኛው ጋር መጥቶ ሥራዎቹን በሚሲዮኑ አሳየ። ናማትጂራ ያን ጊዜ በእንጨት ላይ በጋለ ብረት እየጠበሰ ጌጥ ይሠራ ነበር። በ1936 ለባተርቢ ግመል ሊነዳለት፣ ባተርቢም የውኃ ቀለም አሣሣል ሊያስተምረው ተስማሙ። ሁለት ወር ገደማ አብረው ተጓዙ። ትምህርቱ ይኸው ነው። በ1938 በሜልቦርን የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕይ ሲያቀርብ 41 ሥዕሎቹ በሦስት ቀን ተሽጠው አለቁ። ነጩ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ወይን ጠጁ ተራራ፣ የቀላው አፈር በየሳሎኑ ተሰቀለ። አንዳንድ ሐያሲ የነጭ ኩረጃ ነው ብሎ ናቀው። ሠዓሊው የሚሥለው ግን የአባቶቹን ርስት እንደነበር ብዙዎች የተረዱት ዘግይተው ነው።

ገንዘቡ ሲመጣ ግብር ሰብሳቢው አልዘገየም። የገቢ ግብር ሲጠየቅ እንደማንኛውም ሰው ይቆጠራል፤ በ1949 እና 1950 ለከብት እርባታ መሬት ሊከራይ ሲጠይቅ ግን ተከለከለ። በ1951 አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ ቤት ልሥራ ቢል አቦርጂናል ነህና አይሆንም ተባለ። በ1954 ካንቤራ ላይ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ጋር የተገናኘ ሰው የሚኖረው ከከተማዋ ዳር፣ ሞሪስ ሶክ በሚባል የላስቲክና የቆርቆሮ ሰፈር ነበር። ዊልያም ዳርጊ የሣለው የናማትጂራ ምስል በ1956 የአገሪቱን ስመ ጥር የአርቺባልድ ሽልማት አገኘ። ምስሉ የተከበረውን ያህል ባለቤቱ አልተከበረም።

እዚህ ላይ እንደ ሕግ ተማሪ አንድ ነገር ላንሳ። ዜግነት አገኘ የሚባለው ትክክል አይደለም። በ1949 ሥራ ላይ በዋለው የዜግነት ሕግ መሠረት በአውስትራሊያ የተወለደ ሁሉ፣ አቦርጂናሉም ጭምር፣ ዜጋ ነው። የዌልፌር ድንጋጌው ያደረገው ዜግነቱ ባዶ ቅርፊት እንዲሆን ነው። ድንጋጌው ስለ ዘር አንዲት ቃል አይተነፍስም። የመምረጥ መብት ያለው ሰው በሞግዚት ሥር ሊመዘገብ አይችልም ይላል፣ በቃ። መምረጥ የሚችለው ነጩ ስለሆነ ሥራው ሁሉ በዚያች አንቀጽ ተጠናቀቀ። እንዲህ ያለ አረቃቅ የሕግ ባለሙያን ያስደንቃል፣ ያሳፍራልም።

ናማትጂራና ሩቢና ነፃ ሆኑ፤ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ግን መዝገቡ ውስጥ ቀሩ። በአረርንታ ዘንድ ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ ለዘመድ መንፈግ ነውር ነው። ናማትጂራ የሥዕሉን ገንዘብ፣ መኪናውን፣ ምግቡን ሲያካፍል የኖረ ሰው ነው። አሁን ጠርሙሱን ሲያካፍል ወንጀለኛ ይሆናል። በ1958 በሞሪስ ሶክ አንዲት ሴት ተገደለች፤ መጠጡ ከየት መጣ ሲባል ጣት ወደ እሱ ተቀሰረ። ብዙ ሳይቆይ ሄኖክ ራበራባ ለተባለ ዘመዱና የሙያ ጓደኛው መጠጥ አቀበለ ተብሎ ተከሰሰ። ፍርዱ ስድስት ወር እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ሆነ።

አገሩ ተንጫጫ። ጠበቆቹም ይግባኝ አሉ፤ ከክርክራቸው ዋናው ራበራባ በሞግዚት ሥር መመዝገቡ ራሱ ሕጋዊ አይደለም የሚል ነበር፤ በጅምላ ከመመዝገቡ በፊት የሰማው አካል የለምና። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሦስት ወር ዝቅ አደረገ እንጂ ምዝገባውን አልነካም። የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤትም በ1959 ይግባኙን ሳይቀበል ቀረ። ሚኒስትሩ ፖል ሃስሉክ ከወህኒ ቤት ይልቅ ፓፑንያ በተባለው የመንግሥት ሰፈራ እንዲቆይ አደረጉ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ተፈታ፤ ብሩሽ የማንሳት ፍላጎቱ ግን ሞቶ ነበር። ነሐሴ 8 ቀን 1959 በልብ ሕመምና በሳምባ ምች አሊስ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። 57 ዓመቱ ነበር።

የሞግዚትነቱ ድንጋጌ በ1964 በሌላ ሕግ ተተካ። የኸርማንስበርግ መሬት በ1982 ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ ዛሬ ንታሪያ ይሏታል። የሠዓሊው የቅጂ መብት ግን ሌላ ሞግዚት አገኘ። ናማትጂራ በ1957 ሥዕሎቹን እያባዛ ለሚሸጥ ኩባንያ መብቱን በከፊል በሮያሊቲ ሰጥቶ ነበር። የውርስ ንብረቱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ባለአደራ በ1983 ቤተሰቡን ሳያማክር መብቱን ለዚያው ኩባንያ በ8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ሸጠው። ለቤተሰቡ ይደርስ የነበረው ሮያሊቲም ተቋረጠ። ልጅ ልጆቹ ለዓመታት ተሟግተው በ2017 በአንድ ዶላር ለቤተሰቡ አደራ ድርጅት እንዲዛወር ሆነ፤ መብቱ በ2029 መጨረሻ ያበቃል።