ባለመሬቱን ግብር ሊያስከፍሉ የሞከሩት የገንዘብ ሚኒስትር፦ ይልማ ደሬሳ

ሀብታም ከደሃው በላይ ግብር ይክፈል ወይስ አይክፈል? ጥያቄው የዛሬ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ይኸው ጥያቄ ፓርላማ ገብቶ ባለመሬቶቹን አስቆጥቷል፣ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ጥይት አስተኩሷል። ረቂቁ የወጣው ከገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ሚኒስትሩ አቶ ይልማ ደሬሳ ነበሩ። የእኚህ ሰው ሕይወት ከሆለታ ልጆች ጋርም የተገናኘ ነው፤ ዛሬ እሱን እናወራለን።

አቶ ይልማ የተወለዱት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወለጋ ውስጥ ነው። አባታቸው ብላታ ደሬሳ አመንቴ ይባላሉ። ቤተሰቡ የባላባት ቤተሰብ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ልጁ ጎበዝ ስለነበር ግብፅ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተላከ። ከዚያ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ኢኮኖሚክስ ተማረ። በዚያን ጊዜ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣልያን መጣ።

ሆለታ ታሪኩ ውስጥ የምትገባው እዚህ ጋ ነው። በምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት፣ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ዓመት ከምናምን ነበር። ተማሪዎቹ ኮርሳቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት ውስጥ ገቡ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ጠላትን ጣርማ በር ላይ ሊያቆሙ ሞከሩ፤ አልሆነም። አዲስ አበባ ስትያዝ የተረፉት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ ሄዱ። እዚያ ውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ። ሊቀመንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ይልማም ከአባላቱ አንዱ ሆኑ።

ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጥቁር አንበሶች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣልያን አውሮፕላኖችን በሌሊት አቃጠሉ። ድሉ ግን አልቀጠለም። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ይልማ ለእስርና ለግዞት ተዳረጉ። የሆለታ ልጆችን ይመሩ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ክፍሌ ነሲቡ ግን ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ተረሸኑ።

ነጻነት ሲመለስ አገሪቱ ባዶ ካዝና ነበራት። አቶ ይልማ ገንዘብ ሚኒስቴር ገቡ። በ1935 ዓ.ም. በምክትል ሚኒስትርነት አሜሪካ ሄደው እርዳታ ለማግኘት ተደራደሩ። በእነዚያ ዓመታት ነው ባንኩ የቆመው፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር የወጣው፣ የገቢና የመሬት ግብር ዐዋጆችም የታወጁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የመሬት ግብሩ እንዴት ይሠራ ነበር?

መሬት በሦስት ይመደባል፦ ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ። በ1937ቱ ዐዋጅ አንድ ጋሻ ለም መሬት (40 ሄክታር ገደማ ነው) በዓመት 50 ብር ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 35ቱ ብር ለጥንቱ አሥራት ምትክ ነው። አሥራት ማለት ከምርት አንድ አሥረኛ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ብዙ ባለመሬቶች ከጭሰኛው አሥራቱን በእህል መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፤ ለመንግሥት ግን ያቺኑ 35 ብር ከፈሉ። እህል ሲወደድ ልዩነቱ ኪሳቸው ይገባል። ጭሰኛው ደግሞ በዚያ ላይ ከምርቱ ሲሶ፣ አንዳንድ ቦታ እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ብዙ ያለው ትንሽ ይከፍላል፣ ትንሽ ያለው ብዙ ይከፍላል።

አቶ ይልማ ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አምባሳደር፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። በ1950ዎቹ እንደገና ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ። ጊዜው ተለውጦ ነበር። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ወታደሩ ደሞዝ ይጨመርልኝ እያለ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። መንግሥት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትልቁ ሀብት ያለው ደግሞ መሬት ላይ ነው።

የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ የመጣው ያኔ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አሥራቱ ይቅር፤ ግብሩ በጋሻ ሳይሆን በገቢ ይተመን፤ ገቢው ከፍ ያለ ከፍ ባለ መጣኔ ይክፈል። የባላባት ልጅ የሚመሩት መሥሪያ ቤት የባላባቶችን ጥቅም የሚነካ ረቂቅ ለፓርላማ አቀረበ ማለት ነው።

ፓርላማው ግን እነማን ነበሩ? በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ንብረት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ወንበሩን የያዙት በብዛት ባለመሬቶች ናቸው። በገዛ ኪሳቸው ላይ ድምፅ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ረዥም ክርክር ተደረገ፤ ረቂቁ ላልቶ ኅዳር 1960 ዓ.ም. ጸደቀ።

ከዚያ ደግሞ ገማቾች ወደ ገጠር ወጡ። ጎጃም ግን እምቢ አለ። የሚገርመው፣ ጎጃም ውስጥ አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ አይደለም፤ የራሱ ርስት ያለው ነው። ሕጉ ትንሹንም ገበሬ የሚነካ ሲሆን፣ ገበሬው የፈራው ከግብሩ በላይ ነው። መሬቴን ሊለኩ የመጡት ርስቴን ሊወስዱ ነው ብሎ አመነ። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ጭካኔና ሙስናም ቀድሞውኑ ተማርሮ ነበር። አመፁ ተቀጣጠለ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ንጉሡ የጎጃምን ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሱ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማሩ። እዚያ ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ።

አቶ ይልማም ብዙ ሳይቆዩ ከገንዘብ ሚኒስትርነት ተነሱ። ታሪክም ጽፈዋል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ያረፉት ከአብዮቱ በኋላ ነው።

መሬቱስ? ጥቂት ግብር መክፈል የከበዳቸው ባለመሬቶች የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁሉንም በአንድ ዐዋጅ አጡት። የወሰደባቸው ደርግ ነው። ከደርጉ መሪዎች ዋናው መንግሥቱ ኃይለማርያም ደግሞ የዚያው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ይህን ነው። ሀብታም ይበልጥ መክፈሉ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ግን ተገቢ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሕጉን የሚያጸድቀው ራሱ ባለሀብቱ ከሆነ ይላላል። ገማቹን ሕዝቡ ካላመነው ደግሞ ትንሹ ሰው ራሱ ይነሳበታል፤ ትልቁም ከኋላው ይደበቃል።

ዛሬስ? ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከፍተኛው የደሞዝ ግብር 35 በመቶ ነው፤ የሚጀምረውም በወር ከ14,000 ብር በላይ ካለው ገቢ ላይ ነው። ስለዚህ ወር በወር 15,000 ብር የሚያገኝ መምህርና ሚሊዮን ብር የሚያገኝ ሥራ አስኪያጅ የሚደርሱበት ጣሪያ አንድ ነው። የመምህሩ ግብር ደግሞ ደሞዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ገማች አያስፈልገውም፣ የሚደራደርበትም ቦታ የለም። ሕንፃ ያለው፣ መሬት ይዞ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቀው ሰው ግን ገቢው ስንት እንደሆነ አንድ ሰው መገመት አለበት። የንብረት ታክስ ዐዋጅም በዚያው ዓመት ጸድቋል፤ ማን ይገምታል፣ ማንስ ይቆጣጠራል የሚለው ጥያቄ አሁንም የአቶ ይልማ ዘመን ጥያቄ ነው።

ቀጣዩ የግብር ሕግ ሲመጣ ስንት በመቶ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ማን አጸደቀው፣ ማን ይለካል ብላችሁም ጠይቁ።