ጆን ኤትከን፦ የአየርን ብናኝ የቆጠረው ሰው

ስለ ጆን ኤትከን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስሙን ያገኘሁት በዚህ ሴሚስተር ለነርሲንግ ትምህርቴ ስለ አስምና ስለ አየር ብክለት ሳነብ ነው። ታሪኩን ስለወደድኩት ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኤትከን በ1839 ስኮትላንድ ውስጥ ፎልከርክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ግላስጎው ምህንድስና ተምሮ በመርከብ ግንባታ ሥራ ጀመረ፤ ጤናው ግን ስለከዳው ሙያውን ለመተው ተገደደ። የቤተሰብ ሀብት ስለነበረው ለኑሮው አልተቸገረም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆን፣ ቤቱ ባዘጋጀው ላቦራቶሪ መሣሪያዎቹን በገዛ እጁ እየሠራ ዕድሜውን በምርምር አሳለፈ።

በ1880 አንድ ቀላል ሙከራ አቀረበ። አንዱን ዕቃ በተራ አየር፣ ሌላውን በጥጥ በተጣራ አየር ሞልቶ በሁለቱም ውስጥ የውሃ እንፋሎት ለቀቀ። ተራው አየር በጉም ተሸፈነ፤ የተጣራው ጥርት ብሎ ቀረ። ለካ እያንዳንዷ የጉም ጠብታ የምታርፍበት ብናኝ ትፈልጋለች! ኩሊዬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1875 ይህንኑ አይቶ ነበር፤ ኤትከን ግን ያንን ሳያውቅ በራሱ መንገድ ደረሰበት።

ቀጥሎ ያሰበው ነገር በጣም ይገርመኛል። አንድ ጠብታ አንድ ብናኝ ከያዘች፣ ጠብታዎቹን መቁጠር ብናኞቹን መቁጠር ነው። ስለዚህ በ1880ዎቹ መጨረሻ የአቧራ ቆጣሪ ሠራ። ትንሽ አየር እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ ያስገባና በፓምፕ ድንገት ያሰፋዋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ በዓይን የማይታየው ብናኝ ሁሉ ውሃ ለብሶ፣ በትንንሽ ካሬዎች በተከፋፈለ ሳህን ላይ ይወድቃል። ከዚያ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ መቁጠር ነው። በስዊዘርላንዱ የሪጊ ተራራ ላይ አየሩ ንጹሕ ሲሆን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጥቂት መቶ ብናኝ ብቻ አገኘ፤ በትልልቅ ከተሞች ግን ቁጥሩ ከመቶ ሺህ በላይ ይደርስ ነበር።

ቆጠራው ትክክለኛ ቢሆንም አድካሚ ነው። ስለዚህ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኮኒስኮፕ የተባለ ሁለተኛ መሣሪያ ጨመረ። ይህ በሁለቱም ጫፍ መስተዋት የተገጠመለት ቱቦ ሲሆን፣ አየሩ ሲሰፋ በውስጡ የሚታየው ሰማያዊ ቀለም በደመቀ ቁጥር ብናኙ ብዙ ነው ማለት ነው። ውጤቱን ወዲያው ይሰጣል፤ ንጹሕ አየር ላይ ግን ብዙም አይረዳም። ኤትከን ቀለሙን እንዲሁ አላመነውም። ያንኑ አየር በሁለቱም መሣሪያዎች ለክቶ፣ የትኛው ቀለም ስንት ብናኝ እንደሆነ በቆጣሪው አረጋገጠ።

ይህን ሳነብ የራሳችን ሥራ ትዝ አለኝ። ጣት ላይ የሚደረገው መሣሪያ የልብ ምትን በሰከንዶች ይነግረናል፤ ምቱ የተዛባ ሲሆን ግን በእጃችን ይዘን ሙሉ ደቂቃ እንቆጥራለን። ፈጣኑ መሣሪያ የሚታመነው በዘገምተኛው ሲመሳከር ነው።

ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። ስልካችን ላይ የምናየው የፒኤም 2.5 መጠን የብናኞቹን ክብደት እንጂ ብዛታቸውን አይናገርም። አንድ ማይክሮን ስፋት ያለው ብናኝ፣ ባለ 0.1 ማይክሮን የሆኑ አንድ ሺህ ብናኞችን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በጣም ደቃቃዎቹ እልፍ ቢሆኑም ሚዛን ላይ እምብዛም አይታዩም። እነሱን የሚቆጥሩት የአሁኖቹ መሣሪያዎች ብናኙን ፈሳሽ አልብሰው በብርሃን ይቆጥራሉ፤ ሐሳቡ የኤትከን ነው። ሳይንቲስቶችም እነዚህን ደቃቃ ብናኞች በስሙ ይጠሯቸዋል።

ኤትከን በ1919 በተወለደባት ፎልከርክ ዐረፈ። ሰማንያ ዓመቱ ነበር። አስም ያለበት ወዳጅ ወይም ዘመድ ካላችሁ፣ የአየሩን ቁጥር ስታዩለት መሣሪያው የሚለካው ምኑን እንደሆነም ጠይቁ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ሰውዬው መተንፈስ ካቃተው፣ መጀመሪያ የሚታመነው ሰውዬው ነው።