ኤሊሻ ኦቲስና የተቆረጠው ገመድ

ኤሊሻ ግሬቭስ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1811 በአሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ ሀሊፋክስ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በጋሪ ሠሪነት፣ በወፍጮ ሥራና በመካኒክነት ኑሮውን ሲገፋ ሕመምና ኪሳራ ተፈራርቀውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1852 በዮንከርስ ከተማ በአንድ የአልጋ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሳለ፣ ከባድ ዕቃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ማንሻ መሥራት አስፈለገው። በዚያ ዘመን ገመድ በተበጠሰ ጊዜ መድረኩ ከነጭነቱ ይከሰከስ ነበር። ኦቲስ ገመዱን በማወፈር ብቻ አልተወሰነም፤ ገመዱ የሚበጠስበትን ጊዜ አስቀድሞ አሰበ። በመድረኩ አናት ላይ የጋሪ ሞላ ገጠመ፤ በግራና በቀኝ ባሉት መሪ ሐዲዶችም ላይ ጥርስ አበጀ። ገመዱ ውጥረቱን ሲያጣ ሞላው ተዘርግቶ ጥርሱን ይነክሳል፤ መድረኩም ባለበት ይቆማል።

በ1854 በኒውዮርኩ የክሪስታል ፓላስ ትርኢት ላይ ራሱ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ፤ መድረኩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተገታ። በ1857 የኩባንያው የመጀመሪያ የሰዎች አሳንሰር በብሮድዌይ ጎዳና በአንድ የንግድ መደብር ተተከለ። ኦቲስ በ1861 በ49 ዓመቱ ሲሞት ሥራውን ልጆቹ ቻርልስና ኖርተን ቀጠሉት።

ዛሬ በሕንፃ ሥራ ቦታ የሚተከለው ጊዜያዊ አሳንሰር አብዛኛውን ጊዜ በጥርስ ሐዲድ ላይ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ሲፈጥን የሚይዝ ፍሬንም አለው። ተከላው ሲያበቃ የመውደቅ ሙከራ የሚደረግለት ግን ሰው ሳይሳፈርበት፣ ከሩቅ ነው። ኦቲስ በገዛ ሕይወቱ ያስመሰከረውን፣ የዛሬው ባለሙያ ማንንም ለአደጋ ሳያጋልጥ ያረጋግጣል። ሙከራውን የዘለለ ተካይ ግን ሠራተኞቹን ከኦቲስ በፊት ወደነበረው ዘመን ይመልሳቸዋል።