ቅድስት ወለተ ጴጥሮስና የቤታችን ሀብት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ነው። ሰሞኑ በእኛ አገር፣ በፎገራ ሜዳም ሆነ በፋርጣ ደጋ፣ የአዝመራ ወቅት ነው። ጎተራው ይሞላል፣ ገበያው ይደራል፣ የባለ ዕዳውም የአበዳሪውም ዐይን እህሉ ላይ ነው። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 17፣ የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዓለ ዕረፍት ይውላል። ሀብት በሚገባበት ሰሞን ሀብቷን የተወች እናት ትታሰባለች። እስቲ ልብ እንበል።

በደራ ወረዳ፣ በጣና ዳር ያለውን የቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ተሳልማችሁ የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ። እናታችን የተወለደችው በ1580ዎቹ ዓ.ም ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕቤያ ይባላሉ። ርስትና ክብር ያላቸው የመኳንንት ወገን ነበሩ። በልጅነቷም ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እርሱ ከዐፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነው። ወርቁ፣ አገልጋዩ፣ ማዕዱ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉባት። ያ ሁሉ ሀብት አንዱን ልጅ እንኳ ሊያቆይላት አልቻለም። ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ። ያላትን ለድሆች አካፍላ በሌሊት ከቤት ወጣች።

ባሏ ግን ጭፍራ አስከትሎ ፈለጋት። የተሸሸገችበት አገር ሕዝብ በእርሷ ምክንያት ተጎዳ። ለሕዝቡ ስትል ተመለሰች።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አስተውሉ። በ1609 ዓ.ም በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ጦርነት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስም በዚያ ዘመቻ ከንጉሡ ወገን ነበረ። ገድሏ እንደሚነግረን የተገደሉት አባት ልብስ በባሏ እጅ ገብቶ ነበር። ይህን ባወቀች ጊዜ ቤቱ ቤቷ መሆኑ ቀረ። ምግቡም አልጋውም አስጠላት። ሁለተኛ ላትመለስ ተለይታው ሄደች።

አያችሁ? የመጀመሪያው መውጣቷ የራሷን ለመስጠት ነበር። ሁለተኛው ግን በግፍ የመጣ ነገር ካለበት ቤት ላለመብላት ነው። እኛ ስለ ሀብት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ምን ያህል መጸወትን፣ ዐሥራት አወጣን ወይ ብለን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ከርሱ የሚቀድም አለ፦ ይሄ ነገር ቤቴ የገባው ከየት ነው?

ዘኬዎስን እናስታውስ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ለመስጠት ቃል ገባ፤ በዚያ ግን አላበቃም። የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ (ሉቃ. 19)። ምጽዋት የተቀማውን ሰው ዕንባ አያደርቅም። በሚዛን ያጎደልነው፣ የጎረቤት ድንበር ገፍተን ያረስነው፣ በአራጣ የወሰድነው፣ የከለከልነው የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ የወላጅ አልባ ልጅ ውርስ በጎተራችን እያለ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን ብንገዛ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ለባለቤቱ እንመልስ። ከዚያ ከራሳችን እንስጥ።

እናታችን ከዚያ በኋላ ስለ ቀናች ሃይማኖት ብዙ መከራ ተቀብላለች። ንጉሡ ወደ ሱዳን ድንበር በኩል ወዳለው ቆላ አጋዛት፤ እዚያም ሦስት ዓመት ያህል ቆየች። ነገር ግን በግዞትም ሳለች ሰው ወደ እርሷ ይመጣ ነበር። በዘመኗ ሰባት ማኅበራት መሠረተች። በማኅበራቱ ይሄ የኔ ነው የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ሐዋርያት ዘመን ሁሉ በአንድነት ነው። የመኳንንት ልጅ ስትሆን እህል ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትለቅም ነበር። የራሷን ሀብት የጣለች እናት የማኅበሩን እህል ግን አልጣለችም። የራስ ያልሆነን ነገር መጠበቅ አደራ ነውና።

በ1624 ዓ.ም ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመችውን ሃይማኖት መለሰ። እናታችንም በ1635 ዓ.ም በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ማኅበሩን ለመንፈስ እኅቷ ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጥታ በጣና ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። በስሟ የቆራጣ ገዳም ተመሠረተ፤ ቆራጣም ኋላ የነጋዴዎች ከተማ ሆነች። ንብረቷን በተወች እናት ስም የሚነግዱት ንብረታቸውን ይዘው ተጠጉ። ሰው ዕቃውን የሚያምነው ለማይመኝበት ነው።

ወገኖቼ፣ ሁላችን እንመንኩስ ማለቴ አይደለም። ያገባ ትዳሩን፣ የሚያርስ እርሻውን፣ የሚነግድ ንግዱን ይያዝ። ግን በዚህ ጾም አንድ ምሽት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ቤታችሁን ዕቃ በዕቃ አስቡት። የሰው የሆነ ካለ ጾሙ ሳይፈታ ይመለስ። ዛሬ በእጃችን ነው፤ ነገ ግን ከእኛ በኋላ የሚቆጥረው ሌላ ነው።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።